የቆምኩበት ሰርቨር የትኛው ነው?

ርቆ ባለ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሰው ቀስ በቀስ ቦታ የሚባል ነገር ይጠፋበታል። ፍራንክፈርት ያለው ሰርቨርና ከመሥሪያ ቤታችን ምድር ቤት ያለው ሰርቨር እኔ ስክሪን ላይ ሲደርሱ አንድ ናቸው። ሁለቱም ጥቁር መስኮት፣ ሁለቱም ነጭ ፊደል፣ ሁለቱም ብልጭ ድርግም የምትል ጠቋሚ። የአንዱ ማራገቢያ ሲጮህ አይሰማኝም፣ የሌላው ሙቀት አይነካኝም። የትኛው ላይ እንዳለሁ የምትነግረኝ ከጠቋሚዋ በስተግራ የተጻፈችው አጭር መስመር ብቻ ናት፦ የተጠቃሚው ስም፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ ያለሁበት ፎልደር። ዓይን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያየው የዋለውን ነገር ማንበብ ያቆማል።

ለአብዛኛው ሥራ ይህ ጉዳት የለውም። የፋይል ዝርዝር ለማየት ፈልጌ የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ብገኝ የማላውቃቸው ስሞች ይመጡልኛል፤ «አሃ» ብዬ ወጥቼ ወደ ትክክለኛው እገባለሁ። በማጥፋት ሥራ ላይ ግን «አሃ» የምትመጣው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ብዙ ሰርቨሮች በሚሠሩበት ሊኑክስ በተባለው ሥርዓት ፋይል የሚያጠፋው አርኤም የሚባለው ትዕዛዝ ሥራው ከተሳካለት አንዲት ቃል አይተነፍስም። እነ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ በቤል ላብስ ከ1969 ጀምሮ ከገነቡት ዩኒክስ የተወረሰ ጠባይ ነው፤ የሚነገረው ስሕተት ብቻ ነው፣ ስኬት ዝም ይላል። የቆሻሻ ቅርጫት የለም። ዊንዶውስ የለመዱ ሰዎች በዚህ ይደነግጣሉ፤ ይሁንና በዊንዶውስም ቢሆን በኔትወርክ ከተጋራ ፎልደር ላይ የጠፋ ፋይል በተለመደው አሠራር ወደ ቅርጫቱ አይገባም። የሒሳብ ክፍል ሰዎች ይህን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ እኔ ዘንድ ስልክ በሚደውሉበት ዕለት ነው።

ከርቀት ስለሚደረግ ማጥፋት የሚሰጠው ምክር «የምታጠፋውን ነገር ሁለት ጊዜ እይ» የሚል ነው። ምክሩ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን ጉዳዩን ከመካከሉ ይጀምረዋል ባይ ነኝ። በይፋ የተዘገቡትን ትልልቅ አደጋዎች ሳነብ ትዕዛዙ ከታዘዘው ውጭ የሠራበትን አላገኘሁም። ትዕዛዙ የተባለውን አድርጓል። ሰውየው ግን እዚያ ያለ መስሎት እዚህ ነበር።

የጊትላብ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ጊትላብ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት አገልግሎት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ዳታቤዙ ላይ ከባድ ጫና ወደቀ። ዳታቤዙ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ነበር፤ አንደኛው ዋናው፣ ሁለተኛው ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጥ። በጫናው ምክንያት ሁለተኛው ወደ ኋላ ቀረና ቅጂውን እንደ አዲስ ማስጀመር ግድ ሆነ። ጉዳዩን የያዘው መሐንዲስ መሽቶበት ነበር፤ ለዛሬ ይብቃኝ ብሎ ከተናገረ በኋላ ነው ይህ ችግር መጥቶ ያስቀረው። ቅጂውን ሊያስጀምር ሲሞክር መሣሪያው ምንም ሳይናገር ይቆምበታል። መድረሻው ፎልደር ባዶ ስላልሆነ ይሆናል ብሎ አሰበ፤ ስለዚህ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ያለውን የዳታቤዝ ፎልደር ለማጥፋት ትዕዛዙን ሰጠ። የሁለቱ ሰርቨሮች ስም ከአንዲት አኃዝ በስተቀር አንድ ዓይነት ነው፤ የአንዱ 1፣ የሌላው 2። እሱ የነበረው 1 ላይ ነው። አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ገባውና አቋረጠው። 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው 4.5 ጊጋባይት ቀረ።

ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር። በየዕለቱ ይወሰዳል የተባለው መጠባበቂያ ቅጂ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ቅጂውን የሚወስደው መሣሪያ የዳታቤዙ የቆየ ስሪት ስለነበር ሥራውን ሳይጨርስ ይወድቅ ነበር፤ መውደቁን የሚያሳውቁት ኢሜይሎች ደግሞ በተገቢው መንገድ ስላልተፈረሙ የተቀባዩ ሰርቨር ይመልሳቸው ነበር። ከአምስት የመጠባበቂያ መንገዶች በአግባቡ የሚሠራ አልተገኘም። የዳነው ነገር የዳነው ያው መሐንዲስ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሙከራ ብሎ በእጁ የወሰደው የዲስክ ቅጂ ስለነበር ነው። በዚያ መካከል የገባው መረጃ ጠፋ፤ ወደ 5,000 ፕሮጀክቶች፣ ወደ 5,000 አስተያየቶች፣ ወደ 700 አዲስ ተጠቃሚዎች።

ጊትላብ ይህን ሁሉ አልደበቀም። የማዳኑን ሥራ በዩቲዩብ በቀጥታ አሳየ፣ ዝርዝር ሪፖርት አወጣ፣ መሐንዲሱንም በሪፖርቱ «የቡድን አባል 1» ብሎ ጠራው እንጂ ስሙን ለሕዝብ አልሰጠም። እኛ ዘንድ ቢሆን ምን ይሆን እንደነበር እያሰብኩ አነበብኩት፤ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ደመወዝ ይቀጣል፣ ባዶ የሆነው የመጠባበቂያ ማስቀመጫ ግን እንደ ባዶው ይቀጥላል። በሪፖርቱ ከተዘረዘሩት መፍትሔዎች ውስጥ ለእኔ ዋናዋ እዚህ ግባ የማትባለዋ ናት፦ ከጠቋሚዋ በስተግራ ያለችው መስመር በየትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለን ይበልጥ ለይታ እንድታሳይ ትቀየር የምትለዋ።

ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ኮምፒውተሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ጠንቅቀው ማወቃቸው ነው። ከርቀት የምንገባበትን ኤስኤስኤች ታቱ ኡሎነን በ1995 በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የጻፈው በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት በመሰረቃቸው ነበር። ከዚያ በፊት በቴልኔትና በመሰሎቹ የሚላከው ሁሉ፣ የይለፍ ቃሉን ጨምሮ፣ እርቃኑን ነበር የሚጓዘው። ኤስኤስኤች ምስጢሩን ከመሸፈኑም በላይ በገባሁ ቁጥር የዚያኛውን ሰርቨር ቁልፍ ከዚህ በፊት ከማውቀው ጋር ያመሳክርልኛል፤ ቁልፉ ከተቀየረ በትልልቅ ፊደላት ይጮኻል። ላፕቶፔ ከየትኛው ሰርቨር ጋር እየተነጋገረ እንደሆነ በሒሳብ ያረጋግጣል ማለት ነው። ያላረጋገጥኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ማጥፋት ሲባል በውስጥ ምን እንደሚሆን ጥቂት ልቆይበት፤ ብዙ መደናገር የሚመጣው ከዚህ ነው። በዩኒክስ ቤተሰብ ውስጥ የፋይል ስምና የፋይሉ ይዘት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስሙ በፎልደር ውስጥ የተመዘገበ ነው፤ ይዘቱ ዲስኩ ላይ ሌላ ቦታ ተቀምጦ የራሱ ቁጥር አለው። አርኤም የሚሰርዘው ስሙን ነው። ይዘቱ የያዘው ቦታ የሚለቀቀው ወደ እሱ የሚያመለክት ሌላ ስም ከሌለና ፋይሉን ከፍቶ የያዘ ፕሮግራም ከሌለ ብቻ ነው።

ይህ በተግባር ሲመጣ እንዲህ ነው። ሌሊት ስልክ ይጮኻል፤ ዲስኩ መቶ በመቶ ሞልቷል፣ አገልግሎቱ ቆሟል። ተረኛው ሰው ከቤቱ ይገባል፤ ግዙፍ የሎግ ፋይል፣ ማለትም ፕሮግራም የሥራውን መዝገብ የሚጽፍበት ፋይል፣ ያገኛል፤ ያጠፋዋል። እፎይ ብሎ የዲስኩን ይዞታ ደግሞ ሲያይ አሁንም መቶ በመቶ ነው። ፋይሎቹን አንድ በአንድ ሲደምራቸው ግን ዲስኩ ግማሽም አይሞላም። ሎጉን የሚጽፈው ፕሮግራም ፋይሉን እንደከፈተ ስለሆነ ስሙ ጠፋ እንጂ ይዘቱ ቦታውን አልለቀቀም። ይህን የማያውቅ ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ሌላ የሚጠፋ ነገር ይፈልጋል። ስንት የማይነካ ፋይል የጠፋው በዚህች ሰዓት ነው! ማድረግ የነበረበት ፋይሉን ከማጥፋት ይልቅ ውስጡን ባዶ ማድረግ ነበር፤ ስሙ እንዳለ ይዘቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ቦታው ወዲያው ይለቀቃል። አንዴ ካጠፋው ደግሞ ከፍቶ የያዘውን ፕሮግራም ለይቶ በወጉ ማስነሣት ነው።

የዚያው ባሕርይ ሌላኛው ገጽ መልካም ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይባላል፤ እዚህ ግን ያፈሰሰው ፕሮግራም እስካልተዘጋ ድረስ ይታፈሳል። በስሕተት የጠፋ ፋይል በአንድ ፕሮግራም ተከፍቶ ከሆነ በሊኑክስ ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ በፕሮግራሙ ቁጥር ሥር ገብቶ ይዘቱን መቅዳት ይቻላል። የደነገጠ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሰርቨሩን ዘግቶ ያስነሣል። የመጨረሻውን በር በገዛ እጁ ዘጋው ማለት ነው።

የተጋራ ዲስክ ሲኖር የቦታው ነገር ይበልጥ ይወሳሰባል። በኔትወርክ የተያያዘ የሌላ ኮምፒውተር ዲስክ በእኔ ሰርቨር ላይ እንደ ማንኛውም ፎልደር ነው የሚታየው። ውስጥ ለውስጥ የሚወርድ የማጥፋት ትዕዛዝ በዚያ በር ሲያልፍ ድንበር እንደተሻገረ የሚነግረው የለም፤ ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የሌላ ክፍል ሰርቨር እየጠራረገ ሊሆን ይችላል። አርኤም ከጀመረበት ዲስክ እንዳይወጣ የሚያደርግ አማራጭ አለው፤ ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት እንጃ። ኤንኤፍኤስ በሚባለው የፋይል ማጋሪያ ላይ ደግሞ አንዱ ኮምፒውተር ከፍቶ የያዘውን ፋይል እዚያው ሆኖ ሲያጠፋ በቦታው ነጥብና ኤንኤፍኤስ ብሎ የሚጀምር፣ ከኋላው ቁጥር የተንጠለጠለበት ፋይል ብቅ ይላል። ያንን ሲያጠፉት በሌላ ቁጥር ይመለሳል። ከዚህ ፋይል ጋር ሲታገል ያመሸ ባልደረባ አለኝ፤ ቫይረስ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር።

ከሁሉ የሚያስደነግጠኝ ግን ጥቅስ ምልክት ነው። እንዲህ ያለ ሁኔታ ይታያችሁ፦ በሰርቨሩ ላይ «የሐምሌ ሪፖርት» የሚባል ፎልደር አለ፤ ከአጠገቡ ደግሞ የዓመቱ ሁሉ ሥራ ያለበት «ሪፖርት» የሚባል ፎልደር አለ። ሰውየው ጠንቃቃ ስለሆነ በስሙ መካከል ያለው ክፍተት በትዕዛዝ ውስጥ አንዱን ስም ሁለት እንደሚያስመስለው ያውቃል፤ ስሙን በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጎ ከራሱ ላፕቶፕ በአንድ መስመር በኤስኤስኤች ያዛል። ያቺን ጥቅስ ግን ላፕቶፑ ይበላታል። ኤስኤስኤች የቀሩትን ቃላት በክፍተት አያይዞ ይልካቸዋል፤ ወዲያ ያለው ሰርቨር እንደገና ከመጀመሪያው ያነባቸዋል። የሚያነበው «የሐምሌ» የሚባለውንና «ሪፖርት» የሚባለውን አጥፋ ተብሎ ነው። መጀመሪያው የለም፤ ሁለተኛው አለ። እዚያው ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቢጽፈው ፍጹም ትክክል የሚሆን ትዕዛዝ ከርቀት ሲላክ የዓመቱን ሥራ ያጠፋል።

የኮከብ ምልክትም እንዲሁ ነው። «በሎግ የሚያልቁትን ሁሉ» ለማለት ኮከብ አስገብቼ ብልክ ኮከቧን የሚፈታት መጀመሪያ የእኔ ላፕቶፕ ነው። እኔ በቆምኩበት ፎልደር ውስጥ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ካሉ የእነርሱ ስም ነው ተዘርዝሮ ወደዚያ የሚሄደው። ከሌሉ ኮከቧ እንዳለች ትሄዳለች፤ ወዲያ ትፈታለች። ያው ትዕዛዝ ትናንት እንደተፈለገው ሠርቶ ዛሬ ሌላ ነገር የሚሠራው እኔ የቆምኩበት ስለተለያየ ነው። አርኤምን «ታጠፋ ዘንድ እርግጠኛ ነህ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያደርገው የአንዳንድ ሰርቨሮች ልማድም በዚህ መንገድ ለሚላክ ትዕዛዝ አይሠራም፤ የሚሠራው ገብቶ ለሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። ያ ጥያቄ ድሮም አይመቸኝም። የሚጠይቀው ስለ ፋይሉ ነው፣ ስለ ሰርቨሩ አይደለም፤ ጣት ደግሞ «አዎ» ማለትን ከአንድ ሳምንት በላይ ሳይፈጅ ይለምደዋል። ከዚያ ጥያቄው ወደሌለበት ሰርቨር ሲገቡ ጠባቂ አለ ብሎ የሚተማመን እጅ ይዞ መግባት ነው።

ሰው የማይጽፈው፣ ስክሪፕት (ቀድሞ የተጻፈ የትዕዛዞች ዝርዝር) የሚሰጠው ትዕዛዝ ደግሞ አለ። በጃንዋሪ 2015 ለሊኑክስ በተዘጋጀው ስቲም የተባለ የጨዋታ ፕሮግራም ውስጥ ያለች አንዲት መስመር የተጠቃሚዎችን ፋይል ማጥፋቷ ተዘገበ። መስመሯ «ፕሮግራሙ የተጫነበትን ፎልደር፣ ከዚያ በውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፋ» ትላለች። የፎልደሩ ስም መያዣ በሆነ ምክንያት ባዶ ሲሆን የሚቀረው «ከሥሩ ጀምሮ ያለውን ሁሉ» የሚለው ነው፤ ሥር የሚባለው ሌሎቹ ፎልደሮች ሁሉ የሚገኙበት ፎልደር ነው። የጉዳቱ ሰለባ የሆነው ሰው ለመጠባበቂያ ብሎ ያገናኘው ዲስክ ጭምር ተጠርጎበታል። ከመስመሯ በላይ ፕሮግራም ጸሐፊው «ያስፈራል!» የሚል ማስታወሻ ትቶ ነበር። ፈርቷል፤ ፍርሃቱን ጽፏል፤ ሥራውን ቀጥሏል። የሊኑክሱ አርኤም ከ2006 ጀምሮ ሥሩን በቀጥታ አጥፋ ሲባል እምቢ ይላል፤ ኮከብ ከታከለበት ግን በሥሩ ሥር ያሉት ፎልደሮች ስማቸው አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ስለሚደርሰው ምንም አይጠረጥርም።

በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ በዲሴምበር 2021 የደረሰው ከዚህ ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። መጠባበቂያ ቅጂ የሚወስደው ስክሪፕት ከአሥር ቀን በላይ የቆዩ የሎግ ፋይሎችን የሚያጠፋ ክፍል ነበረው። የሥርዓቱ አቅራቢ ኤችፒኢ ስክሪፕቱን አሻሻለ፤ ከማሻሻያው አንዱ የስም መያዣዎቹን ለአንባቢ ግልጽ በሆኑ ስሞች መቀየር ነበር። አሮጌው ስክሪፕት እየሠራ ሳለ አዲሱ በላዩ ላይ ተጻፈበት። ባሽ የተባለው የትዕዛዝ ተርጓሚ ስክሪፕትን በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ አያነብም፤ እየሠራ እየሠራ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ከመካከል ጀምሮ አዲሱን አነበበ፤ አዲሶቹን የስም መያዣዎች የሚሞላው የላይኛው ክፍል ግን አልፎታል። ባዶ ናቸው። የሎግ ፎልደሩን ማጥፋት የነበረበት ትዕዛዝ የተመራማሪዎቹን ፋይሎች ማጥፋት ጀመረ። 77 ቴራባይት ገደማ፣ 34 ሚሊዮን ያህል ፋይሎች፣ 14 የምርምር ቡድኖች፤ ከእነዚህ የአራቱ ከመጠባበቂያ እንኳ የማይመለስ ሆነ። ኤችፒኢ ኃላፊነቱን ሙሉ በሙሉ ወስዷል። መጠባበቂያ ለመውሰድ የተጻፈ ስክሪፕት ነው ይህን ያደረገው፤ ይህን እያሰብኩ ስክሪፕት የምጽፍ ሰው ሆኛለሁ።

ወደ አገራችን ስመለስ መጀመሪያ የሚመጣው የግንኙነት መቋረጥ ነው። አንድ ትልቅ ፎልደር እየጠፋ ሳለ ኢንተርኔቱ ሄደ እንበል። መስኮቱ ይደርቃል። ማጥፋቱ ቆሟል ወይስ ቀጥሏል? ብዙ ሰው ቆሟል ብሎ ይገምታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀጥሏል። ወዲያ ያለው ሰርቨር እኔ እንደተቆረጥኩ የሚያውቅበት ነገር የለውም። አርኤም ምንም ስለማይናገር ወደ እኔ ለመላክ ሞክሮ የሚከሽፍበት ቃል የለም፤ ሌላ ካልተዋቀረ ሊኑክስ ዝም ያለን ግንኙነት «አለህ?» ብሎ የሚፈትሸው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የተሳሳተ ቦታ ላይ መሆኑን የተረዳ ሰው ገመዱን ቢነቅል ወይም ዋይፋዩን ቢያጠፋ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ማቆሚያውን ቁልፍ መጫን የሚችልበትን ብቸኛ መንገድ ነው የቆረጠው። በእኛ አገር ረጅም ሥራን ቲመክስ ወይም ስክሪን በሚባሉት መሣሪያዎች ውስጥ ሆኖ መሥራት ግድ ነው፤ ሲቆረጥ ሥራው እዚያው ይጠብቃል፣ ተመልሶ ገብቶ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ፊደላችን ነው። አንድ የኢትዮጵያ ፊደል በሊኑክስ የተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል፤ የፋይል ስም ጣሪያ ደግሞ 255 ባይት ነው። በአማርኛ 85 ፊደል ማለት ነው። ዊንዶውስ የሚቆጥረው ባይት ሳይሆን ፊደል ስለሆነ «የሦስተኛው ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም» እያለ የሚንዛዛው የቢሮ ፋይል ስም እዚያ ይቀመጣል፣ ወደ ሊኑክስ ሲሄድ አልቀበልም ይባላል። ቋንቋው በትክክል ባልተዋቀረ ሰርቨር ላይ የገባሁ እንደሆነ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይደረደራል፤ ከአሥር የጥያቄ ምልክቶች መካከል የትኛው ይጥፋ? በዚህ ጊዜ እኔ በስሙ አላጠፋም፤ የይዘቱን ቁጥር አይቼ በቁጥሩ ነው የማጠፋው። ሐመሩ ሐና ሀሌታው ሀ ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። «የሐምሌ» ብሎ የሚጀምረውን ሁሉ አጥፋ ብዬ ስጨርስ «የሀምሌ» ብሎ ሌላ ጸሐፊ ያስቀመጠው እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። መቅረቱ አይገድልም፤ ሚስጥራዊ የግል መረጃ ያለበት ሆኖ «ጠፍቷል» ተብሎ ሪፖርት ከተደረገበት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ከፊደሉ የከፋው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ከአለቃ ደብዳቤ ይመጣል፦ «ከ2010 በፊት ያሉት ፋይሎች ከሰርቨሩ ይወገዱ።» የማን 2010? በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሒሳብ ክፍል ፎልደሩን በበጀት ዓመት፣ ማለትም ከሐምሌ 1 በሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር ይሰይማል፤ ከውጭ ለጋሾች ጋር የሚሠራው ክፍል በአውሮፓ አቆጣጠር ይሰይማል። ሁለቱም አጠገብ ለአጠገብ «2008» የሚል ፎልደር አላቸው። የአንዱ ውስጥ ያለው ፋይል ከሌላው ሰባት ስምንት ዓመት ያንሳል። ኮምፒውተሩ በፋይሉ ላይ ጊዜ የሚመዘግበው ግን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ተመልሼ እጠይቃለሁ፤ መልሱም በጽሑፍ እንዲሆን እለምናለሁ። ሰዓቱስ? ማጥፊያው «ሌሊት 8 ሰዓት» ይሂድ ሲባል መርሐ ግብሩ ላይ 8 ብሎ የጻፈ ልጅ ሠራተኛው ሁሉ ቢሮ ሲገባ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ያስነሣዋል። ሰርቨሩ በግሪንዊች ሰዓት የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል።

እንግዲህ እኔ ምን አደርጋለሁ? አገልግሎት የሚሰጡት ሰርቨሮች ላይ ስገባ ያቺ የግራ መስመር በቀይ መደብ ትጻፋለች፤ የሙከራዎቹ አረንጓዴ ናቸው። ቀለም የማይለመድ አይደለም፤ ግን ከአኃዝ ይሻላል። ከማጥፋቴ በፊት የኮምፒውተሩን ስም የሚነግረኝን ትዕዛዝ እሰጣለሁ፤ መልሱን ድምፅ አውጥቼ አነባለሁ። አጠገቤ የሚቀመጡ ሰዎች ለምደውታል። ዴቢያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ሞሊ ጋርድ የሚባል ጥቅል አለ፤ ከርቀት የገባ ሰው ሰርቨሩን ሊዘጋ ሲል የሰርቨሩን ስም ጻፍ ብሎ ያስገድደዋል። ስሙ የመጣው የአንድ ትልቅ የአይቢኤም ኮምፒውተር ቀይ ማጥፊያ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ከተጫነች ሞሊ ከምትባል ሕፃን ነው ይባላል፤ ቁልፉን ከዚያ በኋላ በክዳን ሸፈኑት። ለአርኤም እንዲህ ያለ ክዳን አብሮ አልመጣለትም፤ እኔ ግን ለአንዳንድ ፎልደሮች ተመሳሳይ ነገር አስቀምጫለሁ። ሐሳቡን የወደድኩት ጥያቄው «እርግጠኛ ነህ?» ስላልሆነ ነው። «የት ነህ?» ነው፤ ያንን ደግሞ በልማድ «አዎ» ብሎ መመለስ አይቻልም።

የማጠፋውንም ወዲያው አላጠፋም። እዚያው ዲስክ ላይ ቀን ወደተጻፈበት ፎልደር አዛውረዋለሁ። ማዛወር ስም መቀየር ብቻ ስለሆነ ስንት ጊጋባይት ቢሆን በቅጽበት ያልቃል፤ የሚጮህ ሰው ካለ ሳምንት ሳይሞላ ይጮኻል። ዲስኩ ሞልቶ ለተጨነቀ ሰው ይህ መፍትሔ አይሆንም፤ እሱ ቀድሞ ዲስኩ ሳይሞላ ማሰብ ነበረበት። የሁለት ፎልደሮችን ይዘት እኩል የሚያደርገው አርሲንክ፣ አንድሩ ትሪጅልና ፖል ማከራስ በ1996 ያወጡት ድንቅ መሣሪያ፣ በምንጩ የሌለውን ከመድረሻው አጥፋ የሚል አማራጭ አለው። ምንጩ ከሌላ ኮምፒውተር የተያያዘ ዲስክ ሆኖ በዚያ ሌሊት ሳይያያዝ ቢቀር ፎልደሩ ባዶ ነው፤ አርሲንክም በታማኝነት መጠባበቂያውን ባዶ ያደርገዋል። ሳይሠራ የሚሠራውን ብቻ እንዲያሳይ የሚያደርገው አማራጭ አለለት፤ የሚያወጣው ዝርዝር ረዘመ ተብሎ አይታለፍም።

ከአንድ ሰርቨር ወደ ብዙ ሲኬድ ደግሞ ጨዋታው ይቀየራል። በአንሲብል፣ ማይክል ዲሃን በ2012 ባወጣው መሣሪያ፣ «ይህ ፋይል በእነዚህ ኮምፒውተሮች ላይ አይኑር» ብዬ እጽፋለሁ፤ እሱ ሁሉም ዘንድ በኤስኤስኤች ገብቶ ካለ ያጠፋዋል፣ ከሌለ ያልፋል። እዚህ ላይ የጣት ስሕተት ስጋት አነስ ይላል፤ ስጋቱ ዝርዝሩ ነው። አትላሲያን የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በኤፕሪል 2022 የደረሰበት እንዲህ ነው፦ ሊጠፋ የታሰበው አንድ የቆየ ተጨማሪ መተግበሪያ ሆኖ ሳለ ለስክሪፕቱ የተሰጠው የደንበኞቹ የራሳቸው ገጾች መለያ ቁጥር ሆነ፤ 775 ደንበኞች አገልግሎታቸውን አጡ፤ የመጨረሻዎቹ እስኪመለስላቸው ሁለት ሳምንት ገደማ ጠበቁ። ለዚህ ነው የኮምፒውተሮቹን ዝርዝር አንድ ሰው ሲያዘጋጅ ሌላ ሰው እንዲያነበው የምናደርገው፤ መጀመሪያም አንድ ላይ፣ ከዚያ በጥቂቶቹ ላይ፣ በመጨረሻ በሁሉም ላይ።

ሥራው ሲያልቅ አንሲብል ማጠቃለያ ያወጣል። እኔ ቶሎ የማየው የተቀየሩትን ሳይሆን ያልተገኙትን ነው። አንዱ ቅርንጫፍ መብራት ጠፍቶበት ይሆናል፤ ሌላው መስመሩ ተቆርጦ ይሆናል። ጠፋ ያልኩት ፋይል እዚያ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ ነው፤ ፋይል በሁለት አቅጣጫ የሚያመሳስል ፕሮግራም ካለበት ደግሞ መብራት ሲመጣ ፋይሉን «አዲስ» ብሎ ለሌሎቹ መልሶ ያከፋፍለዋል። ስለዚህ ያልተገኙትን ስም በአንድ ፋይል አስቀምጬ ማመሳሰሉን በእነርሱ ላይ አቆማለሁ፤ በየጠዋቱ ትዕዛዙን በእነርሱ ላይ ብቻ ደግሜ እሰጣለሁ። የአንዳንዱ ቅርንጫፍ ስም ከዚያ ፋይል ሳይወጣ ወር ይሞላዋል።